ጎዶሎ ሚዛን፣ ሙሉ ውለታ

ጤና ይስጥልኝ። የ27 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ጅማ ነው። አባቴ ሲሞት የ9 ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ ሊሙ ላይ ብቻዋን ስትቀር ታላቅ ወንድሟ እኔንና ታናሽ ወንድሜን አምጥተው ከልጆቻቸው ሳይለዩ አሳደጉን። አካውንቲንግ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ወንድሜ አሁን በግል ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ነው፤ የእሱንም ክፍያ የሚችሉት እሳቸው ናቸው።

አጎቴ ቡና አቅራቢ ናቸው። ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ላይ ጀንፈል (ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና) የሚገዙበት መጋዘን አላቸው። ላለፉት ሁለት ዓመታት እዚያ ሚዛኑ ላይ ቁጭ ብዬ የምመዝነውም ደረሰኝ የምጽፈውም እኔ ነኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት ለወለል ጥገና የመጣ ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ እግረ መንገዱን መግዣ ሚዛናችን ላይ ተቀመጠ። 47 አለ። ሌላ ከረጢት አስቀመጥኩ፤ አሁንም 47። ግራ ገባኝና አንድ ጆንያ ቡና መጀመሪያ በመግዣው፣ ቀጥሎ መኪና ስንጭን በምንጠቀምበት ሚዛን መዘንኩት። በመግዣው 47፣ በመጫኛው 50።

አጎቴን ጠየቅኳቸው። አልተቆጡም። «እሱ ለእርጥበቱና ለቆሻሻው ነው። ገበሬው ያልደረቀ ያመጣል፣ ጠጠር ይቀላቅላል። ነጋዴው ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ አንቺ ዝም ብለሽ ጻፊ» አሉኝ። ጻፍኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጻፍኩ።

ባለፈው ሳምንት በየዓመቱ የሚመጡ አንዲት እናት ከማና በኩል ቡናቸውን በአህያ ጭነው መጡ። መዝኜ «3 ፈረሱላ ነው፣ እማማ» አልኳቸው። ብራቸውን ተቀብለው መረቁኝ። «ልጄ፣ አንቺ ስትመዝኚ ልቤ ያርፋል» አሉኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ለእናቴ በስልክ ስነግራት «ያጎረሰሽን እጅ እንዳትነክሺ» ብላ አለቀሰች። እሷም ሊሙ ላይ ከትንሽዬ ማሳዋ ቡና ለቅማ ነው የምትኖረው። ጓደኛዬ ደግሞ «ወይ ጠቁሚ፣ ወይ ጥለሽ ውጪ» ትለኛለች። ዝም ብል ሌባ ነኝ፤ ብናገር ውለታ ቢስ ነኝ። ምን ላድርግ?

ልቧ ያላረፈ፣ ከጅማ

*

ውድ እህቴ፣

«ጻፍኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጻፍኩ» ያልሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ልትተዪው ትችዪ ነበር። የአጎትሽን ጥፋት ብቻ ነግረሽኝ የራስሽን ብታልፊው አላውቅም ነበር። አለማለፍሽ ስለ አንቺ ብዙ ነግሮኛል፤ ስለዚህ እኔም ሳልሸፋፍን ልመልስልሽ።

ሳታውቂ የመዘንሽባቸው ሁለት ዓመታት በደልሽ አይደሉም። ያመንሽው ዕቃ አሳሳተሽ። ካወቅሽ በኋላ ባሉት ሦስት ሳምንታት ግን ድርሻ አለሽ። ይህን የምልሽ ጫናሽን ልጨምር ብዬ አይደለም። እንቅልፍ የነሳሽ ነገር ይኸው ስለሆነ፣ «አይ፣ አንቺ እኮ ተቀጣሪ ነሽ» ብዬ ባባብልሽ አታምኚኝም። ሦስት ሳምንት ደግሞ የሚስተካከል ጊዜ ነው። የደረሰኝ ጥራዙ እጅሽ ላይ ነው፣ የማን ስንት እንደተመዘነ ተጽፏል። ወደዚያ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ሌባ ወይስ ውለታ ቢስ ብለሽ ለራስሽ ያወጣሽውን ስም እንየው። የአጎትሽን ውለታ ማንም እንዲያሳንስብሽ አልፈልግም። የ9 ዓመት ልጅ ከነወንድሟ አንስቶ ማሳደግ፣ ማስተማር፣ ከልጆች ሳይለዩ ማብላት በቃላት የሚከፈል አይደለም። እናትሽም ያለቀሰችው ይህን ስለምታውቅ ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ይህ ዕዳ የማን ነው? የአንቺ ነው። የወንድምሽም ነው። የእማማ ግን አይደለም። እሳቸውን አጎትሽ አላሳደጓቸውም፣ አላስተማሯቸውም። ከጆንያቸው 3 ኪሎ ሲጎድልና አንቺ ዝም ስትዪ ውለታሽን በእሳቸው ቡና እየከፈልሽ ነው። ውለታሽን መክፈል ያለብሽ ከራስሽ ነው፤ ከጉልበትሽ፣ ከጊዜሽ፣ ሲያረጁ ከምታደርጊላቸው። ይህንን ከለየሽ በኋላ ሁለቱ ነገሮች እንደመሰለሽ የሚጣሉ አይደሉም። አጎትሽን ሙሉ በሙሉ እየወደድሽ ጎዶሎ ሚዛን ላይ አለመቀመጥ ትችያለሽ።

ቀስ ብለሽ የምታስቢው ሌላ ጥያቄም አለኝ። የእናትሽን ቡና ሊሙ ላይ የሚመዝነው ማን ነው? እዚያስ «ዝም ብለሽ ጻፊ» የተባለች ልጅ ተቀምጣ ይሆን? መልሱን ለእኔ መጻፍ አያስፈልግሽም።

አሁን ለአጎትሽ ፍትሐዊ እንሁን። ያሉሽ ነገር ባዶ ሰበብ አይደለም፤ ውስጡ እውነት አለ። በደንብ የደረቀ ቡና እርጥበቱ 12 በመቶ ገደማ ነው። 16 በመቶ እርጥበት ያለው 100 ኪሎ ቢገዙ፣ ያ ቡና መጋዘን ውስጥ እስከ 12 በመቶ ሲደርቅ 95 ኪሎ ተኩል አካባቢ ብቻ ይቀራል። 18 በመቶ ከሆነ 93 ኪሎ ገደማ። 14 በመቶ ከሆነ ደግሞ 98 ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ለውሃ ብር የከፈሉበት ጊዜ አለ ማለት ነው። እርጥብ ጀንፈል ተከምሮ ሲቆይ ይሻግታል፣ ሽታው ይለወጣል፣ ቅሽሩ (ገለፈቱ የተላቀቀው ፍሬ) ደረጃው ይወርዳል፤ ያም ኪሳራ የሳቸው ነው። ጠጠርና ቅጠሉም እንዲሁ። ይህን ሳትረጂላቸው ብታናግሪያቸው የገበያውን ነገር የማታውቅ ልጅ አድርገው ያዩሻል፤ አይሰሙሽምም።

የሳቸው ስህተት ያለው ሌላ ቦታ ነው። ከ50 ኪሎ 3 ኪሎ 6 በመቶ ነው። 6 በመቶ የሚቀነሰው 17 በመቶ አልፎ እርጥበት ላለው ቡና ነው። ሚዛኑ ግን እርጥቡን ከደረቁ አይለይም። እማማ በአልጋ ላይ ሳስቶ የተሰጣ ቡና በቀን ብዙ ጊዜ እያገላበጡ፣ ማታ እየሸፈኑ፣ ሲነቀነቅ እስኪንኳኳ ሦስት ሳምንት ቢጠብቁ የሚቀነስባቸው፣ ትናንት ከመሬት አፍሶ እርጥቡን ከሚያመጣው ሰው እኩል ነው። ያልደረቀ ቡና ያመጣው ሰው ቅጣት በትጉዋ ሴትዮ ይከፈላል። ደግሞ ቅጣቱ ስለማይታይ ማንም በሚቀጥለው ዓመት አድርቆ ለማምጣት ምክንያት የለውም። አጎትሽ የሚያማርሩበትን እርጥብ ቡና በየዓመቱ የሚያመጣባቸው አንዱ ነገር ይኸው የራሳቸው ሚዛን ነው። በእኔ አስተያየት ከአጎትሽ ጋር በምታደርጊው ንግግር ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ክርክር አይኖርሽም፤ በእግዚአብሔር ፈሪነታቸውም በነጋዴነታቸውም በኩል ይገባቸዋልና።

ግልጽ ቅናሽ ሌላ ነገር ነው። ገበሬው ፊት ተለክቶ፣ ተነግሮት፣ ደረሰኙ ላይ ተጽፎ «እርጥብ ስለሆነ ይህን ያህል ቀንሻለሁ» ከተባለ ተስማምቶ ይሸጣል፤ ካልተስማማ ጭኖ ይመለሳል። ምርጫ አለው። የተደበቀው ቅናሽ የሚወስድበት ከ3 ኪሎው ይልቅ ይህንን ምርጫ ነው።

ከመነጋገርሽ በፊት ግን ለኪ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። «አጎቴ እኮ ራሳቸው አምነዋል፣ ምን ይለካል?» ትዪኝ ይሆናል። ያመኑት ቅናሽ እንዳለ ነው፤ ልኩን አልነገሩሽም፣ ምናልባት ራሳቸውም በትክክል አያውቁትም። ሲሚንቶው ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ ከፋብሪካ ጎድሎ የሚመጣ ከረጢት አለ። ሁለት ሚዛን መለያየቱም አንዱ እንደተሳሳተ ይነግርሻል እንጂ የትኛው እንደሆነ አይነግርሽም።

ገበያ በሌለበት ቀን ጠዋት እንዲህ አድርጊ። ሚዛኑ ከግድግዳ ወይም ከጆንያ ጋር አለመነካካቱን፣ ከሥሩ ጠጠር ወይም የቡና ገለፈት አለመግባቱን እይ። የሚነካካ ነገር ካለ ሸክሙን ስለሚጋራ ሳይፈልጉት ያጎድላል። አራቱ እግሮቹ ወለሉ ላይ እኩል መቆማቸውን አረጋግጪ፤ ዲጂታል ከሆነ ባትሪው ሙሉ ይሁን። ባዶውን 0 ማለቱን ተመልከቺ። ከዚያ የታወቀ ክብደት ያስፈልግሻል። የሚዛን ብረት የሚያውስሽ ባለሱቅ ካለ ጥሩ ነው፤ ከሌለ ውሃ ይበቃል። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነው። ቢጫው ጀሪካን ባለ 20 ቢባልም እስከ አፉ ሲሞላ ከ20 ሊትር በላይ ስለሚይዝ በዓይን አትሙዪው። በመለኪያ ጣሳ ወይም በታሸገ የ2 ሊትር ውሃ አሥር ጊዜ ቆጥረሽ ጨምሪ። እንዲህ ያሉ ሦስት ጀሪካኖች አዘጋጂ፤ ባዶ ጀሪካኖቹን አስቀድመሽ በሱቅ ትንሽ ሚዛን መዝነሽ ክብደታቸውን ቀንሺ።

መጀመሪያ አንዱን ጀሪካን መሃል ላይ፣ ከዚያ በየማዕዘኑ አስቀምጪ። ማዕዘኖቹ የተለያየ ቁጥር ካወጡ ችግሩ ከሚዛኑ አቀማመጥ ወይም ከአንዱ እግር ነው። ቀጥሎ 20፣ 40፣ 60 እያደረግሽ ጨምሪና ንባቡን ጻፊ። በሁሉም ላይ ያው 3 ኪሎ ከጎደለ መነሻው ዜሮ ተዛብቷል፤ ምናልባት የሆነ ጊዜ ለጆንያ ክብደት ተብሎ ተቀንሶ ሳይመለስ የቀረ ነው። በ20 ላይ 1 ኪሎ ከ200 ግራም፣ በ40 ላይ 2 ኪሎ ከ400፣ በ60 ላይ 3 ኪሎ ከ600 እያለ ከሸክሙ ጋር የሚያድግ ከሆነ ግን የሚዛኑ መለኪያ ራሱ ተቀይሯል ወይም አርጅቷል። ሁሉንም ሦስት ሦስት ጊዜ ድገሚው። በመጫኛው ሚዛንም ላይ ይኸንኑ አድርጊ፤ ያም ትክክል መሆኑን ገና አናውቅም።

ይህን የምታደርጊው ለማጋለጥ አይደለምና ተደብቀሽ አታድርጊው። መጋዘን ጠባቂው «ምን እየሠራሽ ነው?» ቢልሽ «ሚዛኑን እየፈተሽኩ ነው» በዪው። እውነት ነው፣ የሥራሽም አካል ነው።

ከዚያ ንግግሩ። እዚህ ላይ ልቤ ከአንቺ ጋር ነው፣ ከባዱ ይሄ ነውና። ጊዜውን ምረጪ። በገበያ ቀን፣ ገንዘብ ሲቆጥሩ፣ በሠራተኛ ፊት፣ በባለቤታቸውና በልጆቻቸው ፊት አይሁን። ሰው ፊት የተነካ ሽማግሌ ስለ እውነቱ ሳይሆን ስለ ክብሩ ነው የሚመልሰው። ማታ እቤት፣ ቡና ከተጠጣ በኋላ፣ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ ይሻላል። ከምስጋና ጀምሪ፤ እንደ ማለሳለሻ አድርገሽ አይደለም፣ የምር ስለምታመሰግኛቸው። ከዚያ ያየሽውን ብቻ ተናገሪ። «ሌብነት»፣ «ኃጢአት»፣ «ገበሬውን ዘረፍን» የሚሉትን ቃላት ተዪያቸው። ቁጥሩን ራስሽ በለካሽው ተክተሽ እንዲህ ልትዪ ትችያለሽ፦

«ጋሼ፣ ዛሬ እዚህ ቁጭ ብዬ የማናግርዎ እርስዎ ስላሳደጉኝ ነው። ሚዛኑን በውሃ ለካሁት፤ ከ60 ኪሎ 3 ኪሎ ከ600 ያጎድላል። እርጥብ ቡና እንደሚያከስርዎ ገብቶኛል፣ አስልቼውም አይቻለሁ። ግን የደረቀ ያመጣውም እኩል እየተቀነሰበት ነው። ደረሰኙ ላይ የምፈርመው እኔ ነኝ፤ እያወቅኩ መፈረም አቃተኝ። ሌላ መንገድ አስቤያለሁ፣ ቢሰሙኝ ደስ ይለኛል።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትዝለያት። ሰው የሚወጣበት በር ካልታየው ግድግዳውን ይደገፋል። ስለዚህ ሌላው መንገድ ወረቀት ላይ ተዘጋጅቶ በእጅሽ ይኑር፤ ዝርዝሩን በሚያውቁት ቋንቋ ልስጥሽ።

መግዣ ሚዛኑ ይስተካከላል። ጆንያው ለብቻው ይቀነሳል፤ አሥር ባዶ ጆንያ አንድ ላይ ይመዘንና ለአሥር ይካፈላል፣ ያ ቁጥር ለሁሉም ሰው አንድ ነው። ለቆሻሻው ከጆንያው አፍ፣ ከመሃልና ከሥር ተውጣጥቶ 1 ኪሎ ናሙና ይወሰድና ገበሬው እያየ ይለቀማል። 20 ግራም ጠጠርና ቅጠል ከወጣ ቅናሹ 2 በመቶ ነው። ለእርጥበቱ የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ ቢገዙ በጣም ጥሩ ነው። መሣሪያው የሚስተካከለው ለቅሽር ቡና ስለሆነ ከጀንፈሉ ጥቂት ተወስዶ በሙቀጫ ተቀሽሮ ነው የሚለካው፤ ጀንፈሉን እንዳለ ብትጨምሪው የማይረባ ቁጥር ይሰጥሻል። መሣሪያ እስኪገዛ ድረስ እሳቸውም ገበሬውም የሚያውቁት የቆየ መንገድ አለ፦ ጆሮ አጠገብ ነቅንቆ መስማት፣ ፍሬውን ቀሽሮ በጥርስ መያዝ። ጥርስ የሚገባበት ቡና አልደረቀም፤ ለዚያ ቀን አይገዛም፣ ወይም እዚያው ሸራ ላይ ይሰጣል። ደረሰኙ ላይ ሦስት መስመር ይኑር፤ ጠቅላላ ክብደት፣ ቅናሽና ምክንያቱ፣ የተጣራ። ላደረቀ ሰው ቅናሹ ዜሮ ተብሎ ሲጻፍ ሌላው ያያል። ያን ጊዜ መጋዘናችሁ የደረቀ ቡና የሚመጣበት ቦታ ይሆናል።

ሦስት መልስ እንደሚጠብቅሽ ቀድመሽ እወቂ። «ነጋዴው ሁሉ ያደርገዋል» ሊሉ ይችላሉ። አትከራከሪያቸው፤ ምናልባት ብዙው ያደርገው ይሆናል። «የሌላው ደረሰኝ ላይ የኔ ፊርማ የለበትም፣ ጋሼ» በዪና ዝም በዪ። «ከስሬ ልዘጋ ነው?» ካሉ ሒሳቡን አብራችሁ ሥሩ፣ ሙያሽ ነው። በቀን ስንት ፈረሱላ ይገባል፣ ከሱ ውስጥ የምር እርጥብ የሆነው ስንት እጅ ነው፣ ግልጽ ቅናሹ ስንቱን ይመልስላቸዋል? ኪሳራቸው እንደፈሩት ላይሆን ይችላል። ሦስተኛው ግን የሚያምሽ ነው፦ «ላሳደግኩሽ ውለታ ይህ ነው?» ይህ ሲመጣ እንባሽ ቢመጣ ይምጣ። አትከራከሪያቸው፣ አትማዪም፣ ራስሽንም አታጽጂ። «ውለታዎን መክፈል አልችልም። ለዚህ ነው ሌላ ሰው ከሚነግርዎ በፊት እኔ የነገርኩዎ» ብትዪ በቂ ነው። ከዚያ ጊዜ ስጪያቸው። በአንድ ማታ የሚመለስ ነገር አይደለም፤ ሁለት ሦስት ቀን ኩርፊያ ቢሆን ተስፋ አትቁረጪ።

ጊዜ ስትሰጫቸው ግን አንቺ ሚዛኑ ላይ አትቀመጪም። በዚህ ላይ እንዳትላሊ እለምንሻለሁ። ማጋለጥ፣ መልቀቅ፣ መጣላት ሁሉ ሊቆይ ይችላል፤ እያወቁ መፈረም ግን ከዛሬ ጀምሮ ይቁም። «ሚዛኑ እስኪስተካከል ሒሳብ መዝገቡን፣ ጭነቱን፣ ባንኩን እኔ ልያዝ» በያቸው። ለሳቸውም ቀላል ነው፣ ካንቺ ጋር ሳይጣሉ የሚያስቡበት ጊዜ ያገኛሉ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሚዛን ማሳሳት ወንጀል መሆኑንም እወቂ፤ ምርመራ ቢመጣ ደረሰኙ ላይ ያለው ስም ያንቺ ነው። ይህ እንዲያስፈራራሽ ሳይሆን እሳቸውም ያሳደጉትን ልጅ እዚያ ላይ ማስቀመጣቸው እንዲታያቸው ልትነግሪያቸው የምትችዪው ነው። የሕግ ጥያቄ ካለሽ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ስም ሳትጠቅሺ መጠየቅ ትችያለሽ።

እሺ ካሉሽ፣ የወጣው ኪሎ ይመለስ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ጉድለቱ ከሸክሙ ጋር የሚያድግ ሆኖ ከተገኘ፣ ደረሰኙ ላይ ያለውን ኪሎ በ50 አባዢና ለ47 አካፍዪ፤ ከተጻፈው የሚበልጠው ለገበሬው የሚገባው ነው። የእማማ 3 ፈረሱላ 51 ኪሎ ተብሎ ተጽፏል፤ እውነተኛው 54 ኪሎ ከሩብ ነበር። 3 ኪሎ ከሩብ በዚያን ቀን ዋጋ ይከፈላቸዋል። ከሦስት ሳምንቱ ጀምሩ፣ አጎትሽ ከቻሉና ከፈቀዱ ወደ ኋላ ይሂዱ። ሁሉንም በአንዴ መክፈል ከከበዳቸው ገበሬው በሚቀጥለው ሲመጣ በላዩ ላይ ተጨምሮ ይሰጠው። የማይመለስ ሰው ካለ ስሙን በመንደሩ ልጅ በኩል አስጠይቂ።

«ለገበሬው ምን ተብሎ ይነገራል?» እዚህ ላይ የኔ አስተያየት ጥብቅ አይደለም። «ሚዛኑ ተፈትሾ ጎዶሎ ሆኖ ተገኘ፤ የጎደለብዎ ይኸው» ማለት እውነት ነው፤ ማን እንዳጎደለው አልተነገረም ብቻ። አጎትሽ በአደባባይ ጥፋተኛ ነኝ ብለው እንዲቆሙ ማስገደድ ገበሬውን አያበለጽገውም፤ ክብራቸውን ጠብቀው እንዲያስተካክሉ መተው ግን ማስተካከሉን ቶሎ ያመጣዋል። ገበሬው ፊት ለፊት «አውቃችሁ ነው ወይ?» ብሎ ከጠየቀሽ ግን አትዋሺው። «እሱን አጎቴን ይጠይቁ» ማለት ትችያለሽ።

እምቢ ካሉሽስ? ሁለት የገበያ ቀን ጠብቂ፣ ከዚያ የሚያከብሯቸውን አንድ ሽማግሌ አስገቢ። ብዙ ሰው አይሁን፣ አንድ። የእድራቸው ሰው፣ የነፍስ አባታቸው ወይም የልጅነት ጓደኛቸው፤ አንቺ ታውቂያለሽ እነማንን እንደሚሰሙ። ያም ካልሆነ መልቀቅሽ አይቀርም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ጽፈሽ ስጪ፣ የሥራ ልምድ ማስረጃም ጠይቂ። አካውንቲንግ ተምረሽ ሁለት ዓመት ቡና ላይ የሠራሽ ሰው ነሽ፤ በጅማ ዙሪያ ያሉት መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራትና ዩኒየኖቻቸው፣ ባንኮቹ፣ የቡና ማበጠሪያዎቹ ይህን ሙያ ይፈልጋሉ። ሥራ ነገ ይገኛል አልልሽም፤ ስለዚህ ማመልከቻሽን ከንግግሩ በፊት ጀምሪ። ባዶ እጅሽን አለመሆንሽ ንግግሩን ራሱ ያረጋጋዋል።

ጓደኛሽ ስላለችው ጥቆማ፦ አንቺ ወጥተሽ ሚዛኑ ከቀጠለ ገበሬው እየተጎዳ ነውና ጥያቄው ይከተልሻል። የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሚዛን የመፈተሽ ኃላፊነት አለበት። በአካባቢው ያሉ የመግዣ ሚዛኖች ሁሉ እንዲፈተሹ መጠየቅ የአንድ ሰው ስም መስጠትን አይጠይቅም፤ ሌሎች መጋዘኖች የሚሄዱትንም ገበሬዎች ይጠቅማል። በእኔ እምነት ይህ ክህደት አይደለም፤ በተለይ አስቀድመሽ ለአጎትሽ ፊት ለፊት ተናግረሽ ከሆነ። ግን የመጨረሻው እርምጃ እንጂ የመጀመሪያው አይሁን፤ ውሳኔውም የአንቺ ነው፣ የጓደኛሽም የእኔም አይደለም።

የወንድምሽ ነገር በደብዳቤሽ ውስጥ በአንድ መስመር አልፏል፣ በልብሽ ውስጥ ግን ሰፊ ቦታ የያዘ ይመስለኛል። የኮሌጅ ክፍያው በዓመት ስንት ነው? ስንት ወር ቀረው? አጎትሽ ያንን በቁጣ የሚያቋርጡ ሰው ናቸው? የጻፍሽውን ሳነብ አይመስለኝም፤ ስትጠይቂያቸው እንኳ አልተቆጡም። ቢሆንም ቁጥሩን አውጪው። ፍርሃት ቁጥር ሲወጣለት ያንሳል፤ ምናልባት በክፍል የሚከፈል፣ ከደመወዝሽ የሚሸፈን፣ ወንድምሽም በሳምንቱ መጨረሻ ሠርቶ የሚያግዝበት ሊሆን ይችላል። ለወንድምሽም ንገሪው። ትልቅ ሰው ነው፤ ስለ እሱ ስትዪ ዝም እንዳልሽ በኋላ ቢሰማ ይከብደዋል።

እናትሽን ግን አሁን አታሳምኚያት። ከሊሙ ሆና በስልክ የምትሰማው ጠብ ብቻ ነው። ከአጎትሽ ጋር ከተነጋገርሽ በኋላ፣ የሆነውን ሳይሆን ያልሻቸውን ቃል ለቃል ንገሪያት፤ ምስጋናውንም ጭምር። ወንድሟን እንዳልነከስሽ ያኔ ትሰማዋለች።

ለዚህ ሳምንት ሦስቱን ጀሪካኖችና አንድ ወረቀት ብቻ ያዢ። ልኬቱን ጨርሰሽ የ20ውን፣ የ40ውንና የ60ውን ንባብ ብትልኪልኝ ስሌቱን አብረን እናየዋለን። የእማማን ደረሰኝ ደግሞ ከጥራዙ ውስጥ ፈልገሽ ቁጥሩን ጻፊው፤ ቀድሞ የሚከፈለው የእሳቸው ይሁን።